የራስን ሕዝብ በሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ስለ አመራርና ስለ ተማሪ ውጤት፤ ከጭሮና ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አንጻር

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ በጨርጨር ተራሮች መካከል ሁለት ስም ያላት ከተማ ያገኛል። ጭሮ የሚለው የአገሩ ሰው የሚጠራበት ስም ነው፤ አሰበ ተፈሪ የሚለው ግን በ1910ዎቹ ዓ.ም. ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው ከተማይቱን በቆረቆሩበት ዘመን የወጣላት ስም ነው። ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የወታደር ትምህርት የተማሩ፣ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ቴአትር የደረሱ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውንም ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ስለዚህ በውጭ አገር የተማረ ሰው ያገሩን ጉዳይ በምን ዓይነት መንገድ ይምራው የሚለው ጥያቄ ለጭሮ አዲስ አይደለም፤ ከከተማይቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ዛሬ በዚህችው ከተማ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ግን ስሙን ከገዥም ከከተማም አልወሰደም። ቀድሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጭሮ ካምፓስ ሆኖ ቆይቶ፣ በ2000ዎቹ ዓ.ም. ራሱን ሲችል የተጠራው ኦዳ ቡልቱም ተብሎ ነው። ኦዳ ቡልቱም ከበዴሳ ከተማ አካባቢ የሚገኝ፣ የኢቱና የሁምበና ኦሮሞዎች በዋርካ ጥላ ሥር ተሰብስበው ሕግ ያወጡበትና ነገር የቆረጡበት የገዳ ሸንጎ ስፍራ ነው። ከኦዳ ነቤ፣ ከኦዳ ሮባ፣ ከኦዳ ቡሉቅና ከኦዳ ቢሲል ጋር ከአምስቱ ታላላቅ ኦዳዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። አንድ ዩኒቨርሲቲ የአንድን ሕዝብ ሸንጎ ስም ለራሱ ሲወስድ ዕዳም አብሮ ይወስዳል። ይኸውም በዚያ ዛፍ ሥር ይነገር የነበረው እውቀት በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የሚጠና፣ የሚጻፍና የሚመረመር እውቀት ይሆን ዘንድ የሚያስገድድ ዕዳ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ዕዳ በማንና እንዴት እንደሚከፈል መመርመር ነው። አንድ ተማሪ የተወለደበትን ሕዝብ ቋንቋ፣ ሕግና ልማድ በዩኒቨርሲቲ ሲያጠና ውጤቱ ከፍ ወይም ዝቅ የሚለው በምን ምክንያት ነው? የትምህርት ክፍሉን የሚመራው ሰውስ በዚህ ውጤት ላይ ምን ድርሻ አለው? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ በሌላ አገር የሆነውን፣ ቀጥሎ በአዲስ አበባ የተደረገውን፣ በመጨረሻም የምዕራብ ሐረርጌን ሁኔታ መመልከት ይገባል።

በአሜሪካ የላቲኖ ጥናቶች አነሣሥ

በዩናይትድ ስቴትስ ላቲኖ የሚባሉት ከሜክሲኮ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች የዘር ግንድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ታሪክና ሥነ ቃል በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል እንዲኖረው ያደረጉት ከሁሉ በፊት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ስቴት ኮሌጅ የመጀመሪያው የቺካኖ ጥናት ክፍል ተከፈተ፤ ቺካኖ ማለት በአሜሪካ የተወለደ የሜክሲኮ ዘር ማለት ነው። በሚያዝያ 1969 ደግሞ ተማሪዎችና መምህራን በሳንታ ባርባራ ተሰብስበው የትምህርቱን ዓላማና አስተዳደር የሚወስን ዕቅድ አወጡ። በኒው ዮርክም የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች በከተማው ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ትግል የፖርቶ ሪኮ ጥናት እንዲሰጥ አስወሰኑ፤ በ1973ም የጥናት ማዕከል ተቋቋመ።

ይሁን እንጂ መክፈት አንድ ነገር፣ ማጽናት ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። በትግል የተከፈቱት ክፍሎች ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጀትም፣ መምህርም፣ መጽሐፍም አልነበራቸውም፤ የሚያስተምሩበትን መጽሐፍ እያስተማሩ መጻፍ ነበረባቸው። ከዚህ ችግር የወጡት ክፍሎች መሪያቸው ራሱ ተመራማሪ የሆነላቸው ናቸው። ለምሳሌ አሜሪኮ ፓሬዴስ በቴክሳስና በሜክሲኮ ወሰን ላይ በምትገኘው በብራውንዝቪል ከተማ በ1915 የተወለደ ሲሆን፣ በተወለደበት አገር ገበሬና ከብት ጠባቂ የሚዘፍነውን «ኮሪዶ» የተባለ የታሪክ ዘፈን ሰብስቦ አጠና። በ1958 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ አንድ የወሰን ሰው፣ ስለ ግሬጎሪዮ ኮርቴዝ፣ የተዘፈነውን ዘፈን ከመንግሥት መዝገብና ከጋዜጣ ጋር አስተያይቶ የመረመረ ነው። በ1970 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሜክሲኮ አሜሪካውያን ጥናት ማዕከል ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እርሱ ነበረ። ከእርሱ ዘንድ የሚማር ተማሪ የአያቱ ዘፈን ለምርምር የሚበቃ ነገር መሆኑን የሚያምነው ስብከት ሰምቶ አልነበረም፤ መምህሩ በተግባር የሠራውን አይቶ ነበር።

በካሊፎርኒያም ሮዶልፎ አኩንያ በ1969 በሳን ፈርናንዶ ቫሊ ስቴት ኮሌጅ የቺካኖ ጥናትን ክፍል መሠረተ። በ1972 ያሳተመው የታሪክ መጽሐፉም ለብዙ ዓመታት መማሪያ ሆኖ አገለገለ። በሁለቱም ዘንድ የመሪነቱ ሥራና የምርምሩ ሥራ አልተነጣጠሉም።

እንዲህ ያለው ትምህርት ተማሪውን ይጠቅመዋልን? ወይስ የሌላውን ትምህርት ጊዜ ይሻማበታል? የሚለው ክርክር በአሜሪካ በፍርድ ቤት እስከ መታየት ደርሷል። በአሪዞና ክፍለ ግዛት በቱሳን ከተማ ይሰጥ የነበረው የሜክሲኮ አሜሪካውያን ጥናት በ2010 በወጣ ሕግ ምክንያት በጥር 2012 ተዘጋ። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ግን ትምህርቱን የወሰዱት ተማሪዎች ካልወሰዱት ይልቅ የክፍለ ግዛቱን ፈተና በማለፍና ትምህርታቸውን በመጨረስ የተሻሉ መሆናቸውን አስረዳ፤ በነሐሴ 2017ም የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የሕጉን አወጣጥና አፈጻጸም በዘር ጥላቻ የተነሣሣ ነው ብሎ ፈረደ። በሳን ፍራንሲስኮ የተደረገውና በዚያው ዓመት የታተመው የዲና የፔነር ጥናት ደግሞ የበለጠ ተጠቃሽ ነው። አማካይ ነጥባቸው ከ2 በታች የነበረ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ጥናት እንዲወስዱ ሲደረግ፣ ከትምህርት ገበታ መገኘታቸው በ21 የመቶ ነጥብ፣ አማካይ ነጥባቸው በ1.4፣ ያጠናቀቁትም የትምህርት መጠን በ23 ክሬዲት ከፍ ማለቱ ተገልጿል።

እነዚህ ሁለት ጥናቶች የተደረጉት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንጂ በዩኒቨርሲቲ ስላልሆነ እንዳሉ ወስዶ በዩኒቨርሲቲ ላይ መጫን አይገባም። የሳን ፍራንሲስኮው ጥናት ጸሐፊዎችም ትምህርቱ በጥቂት ትምህርት ቤቶች፣ ሥርዓተ ትምህርቱን ለዓመታት ሲያዘጋጁ በቆዩ መምህራን የተሰጠ መሆኑን አመልክተው፣ ያለዚያ ዝግጅት በሰፊው ቢዘረጋ ያው ውጤት ይገኛል ብሎ መደምደም እንደማይቻል አስጠንቅቀዋል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለ ራስ የሚሰጥ ትምህርት ተማሪን የሚያነሣው ስለ ራስ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በደንብ ሲዘጋጅና በደንብ ሲመራ ነው።

የአዲስ አበባው ምሳሌ

ኢትዮጵያ የራስዋን ሕዝቦች በዩኒቨርሲቲ ማጥናት የጀመረችው ከአሜሪካ ተማሪዎች ትግል ቀደም ብላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፈተ። በ1951 የኮሌጁ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከ1953 ጀምሮም የማኅበሩን ቡለቲን ማሳተም ጀመሩ። ማኅበሩን በምክር የረዱት የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላስ ሆይናትስኪ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጣው ተማሪ በዕረፍት ወራት ወደ ቤቱ ሲመለስ የአገሩን ልማድ ጠይቆና አይቶ ይጽፋል፤ ማኅበሩ ያነበዋል፣ ይከራከርበታል፣ የበቃውንም ያሳትመዋል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሊጤን የሚገባው የመሪው ቦታ ነው። ሆይናትስኪ በእያንዳንዱ ተማሪ አገር ያለውን ነገር ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ እውቀቱ ያለው በተማሪው ቤት ነበርና። እርሳቸው የሰጡት ጥያቄን፣ ሥርዓትንና መታተሚያን ነው። ተማሪውም የጻፈው ለመምህር ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ሳይሆን ለማያውቀው አንባቢ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ «በአገራችን እንዲህ ይደረጋል» ብሎ በጥቅሉ መናገር አይበቃውም፤ የት፣ መቼ፣ በማን ዘንድ ብሎ መለየት ግድ ይሆንበታል። ምክንያቱም ማኅበሩ ውስጥ ከዚያው አገር የመጣ ሌላ ተማሪ ተቀምጦ ይሰማዋል።

ሁለተኛው እርምጃ በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መመሥረቱ ነው። የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ሲሆኑ፣ ሆይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ መዘክሩን ያዙ። በተማሪ ማኅበር የተጀመረው ሥራ ቤት፣ መደርደሪያና መጽሔት አገኘ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል ተማሪዎችም ለመጀመሪያ ዲግሪ የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ተሰብስበው ስለ ተቀመጡ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት የታሪክ ሊቃውንት ስለ አውራጃዎች ታሪክ ሲጽፉ እነዚህን የተማሪ ድርሰቶች በማስረጃነት ይጠቅሱ ጀመር። አንድ የ22 ዓመት ወጣት የጻፈው ገጽ ከብዙ ዓመት በኋላ በሊቅ መጽሐፍ ግርጌ ሲጠቀስ፣ ከዚህ የበለጠ የተማሪ ውጤት ሊኖር አይችልም። ይህም የሆነው ድርሰቱ በመልካም ስለ ተጻፈ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ባለመጣሉ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ተቋም ያላገኘ እውቀት ምን እንደሚደርስበት ከሐረርጌው ከራሱ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ሼህ በክሪ ሳጳሎ በሐረርጌ ያስተማሩ ታላቅ የእስልምና ሊቅና ባለቅኔ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ ቋንቋ የሚስማማ ፊደል ፈለሰፉ። ፊደሉ የቋንቋውን ድምፆች ጠንቅቆ የለየ ነበረ፤ ደቀ መዛሙርትም ተማሩት። ነገር ግን የሚያትመው ማተሚያ ቤት፣ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት፣ የሚጠብቀውም ቤተ መዛግብት አላገኘም፤ መንግሥትም በጥርጣሬ ዐይን አየው። ሼሁ በመጨረሻ ተሰደው በ1980 በሶማልያ ዐረፉ። የቋንቋ ሊቃውንት ስለ ፊደሉ በሰፊው የጻፉት ከዚያ በኋላ ነው። የእውቀቱ ችሎታ ሳይጎድል ተሸካሚው ስለ ጎደለ የአንድ ሊቅ ሥራ በደቀ መዛሙርት እጅና ትዝታ ብቻ ቀረ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህንኑ የተረዱ ይመስላል። በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት እንዲጀመር ፕሮፌሰር ማይክል ጀርቨርስ 50 ሺህ ዶላር ሲሰጡ፣ በ2016 የኢትዮጵያውያን ልጅ የሆነው ዘፋኝ አቤል ተስፋዬ ያንኑ ያህል ጨመረ፤ የመጀመሪያውም ትምህርት በጥር 2017 ተሰጠ። በዚህም የመምህሩ አሳብና የማኅበረ ሰቡ ገንዘብ ተገናኙ። የአንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ ባልተጀመረ ነበር።

ገዳ ራሱ ስለ አመራር የሚያስተምረው

በጭሮ ያለ ተማሪ የሚያጠናው ጉዳይ ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የሚጠናው ሥርዓት ራሱ የአመራር ትምህርት ነው። የገዳ ሥርዓት በተለይ በቦረና ዘንድ በሰፊው የተጠና ሲሆን፣ አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ጥናት መሠረት ሆኗል። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤም ገዳ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

በዚህ ሥርዓት ሰው በድንገት መሪ አይሆንም። ከሕፃንነት ጀምሮ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተሻገረ፣ በየደረጃውም የሚገባውን እየተማረ ያድጋል። መሪ የሚሆኑት አስቀድመው ተመርጠው ሥልጣን ሳይዙ የሚለማመዱበት ዘመን አላቸው። ሥልጣኑ የሚያዘው ለ8 ዓመት ነው፤ ከዚያ በላይ አይቆይም። በቦረና በየ8 ዓመቱ የሚሰበሰበው የጉሚ ጋዮ ሸንጎ ሕጉን ይመረምራል፣ የመሪዎችንም ሥራ ይገመግማል፤ ያጠፋውን አባ ገዳ እስከ መሻር የሚደርስ ሥልጣን አለው። ሥልጣኑን ያስረከበ ሰውም ወደ ቤቱ ሄዶ ዝም አይልም፤ በአማካሪነት ተቀምጦ የሚመጣውን ያስተምራል።

በጨርጨር የኦዳ ቡልቱም ሸንጎ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙበት ዘመን ወዲህ የፖለቲካ ሥልጣኑን እያጣ መጥቷል፤ የእስልምና ትምህርት መስፋፋትም የሥርዓቱን አንዳንድ ወገን ለውጦታል። ስለዚህ በቦረና የሚታየውን ሁሉ በኢቱ ዘንድ ነበረ ወይም አለ ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ይልቁንም የኢቱ ሕግ በምን ይለይ እንደ ነበረ፣ የቀረውስ የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ የጭሮው ተማሪ ልዩ ድርሻ ነው። ይህን ጥያቄ ከዚያ አገር ተማሪ በተሻለ ቅርበት የሚጠይቀው የለም።

የአመራሩ ትምህርት ግን ለትምህርት ክፍል ኃላፊም ይሠራል። ሥልጣኑ በጊዜ የተወሰነ ኃላፊ የጀመረውን ሥራ ለሚተካው ጽፎ ካላስረከበ፣ ቀጣዩ ሰው ሁሉንም ከሀ ይጀምራል። ተማሪዎቹም በየዘመኑ ያንኑ ርእስ ይጽፋሉ፤ የቀደመው ምን እንደ ጻፈ አያውቁምና። በብዙ የትምህርት ክፍሎች ስለ ሠርግና ስለ ለቅሶ የተጻፉ በደርዘን የሚቆጠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች እያሉ፣ ስለ ገበያ ዳኝነት ወይም ስለ ውኃ አከፋፈል አንድም የማይገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የሚያቀርቡት

ምዕራብ ሐረርጌ ለእንዲህ ያለው ጥናት እጅግ የበለጸገ አገር ነው። በሜኢሶ የባቡር ሐዲድ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ኦሮሞውን፣ ሶማሊውንና ከሌላ ቦታ የመጣውን ነጋዴ በአንድ ጣቢያ አገናኝቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ሐዲድም በዚያው አካባቢ ያልፋል። በአሰቦት ተራራ ላይ የደብረ ወገግ ገዳም አለ። በገለምሶና በአካባቢው የእስልምና ትምህርትና የቡና ንግድ ጎን ለጎን አድገዋል። በሂርናና በበዴሳ ገበያዎች ጫት ከማሳ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድበትን የመተማመን ሰንሰለት ማየት ይቻላል። በገጠሩም ጎረቤት ተሰብስቦ የአንዱን ማሳ በአንድ ቀን የሚሠራበት «ጉዛ» አለ። ከሰዓት በኋላ ወንዶች ጫት ይዘው በሚቀመጡበት «በርጫ» ላይ ደግሞ የዘር ሐረግ ይቆጠራል፣ ነገር ይቆረጣል፣ ግጥም ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ሀብት ግን ጥሬ ነው፤ ወደ እውቀት የሚለወጠው በሥራ ነው። እዚህ ላይ የትምህርት ክፍሉ መሪ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው የተማሪው አመጣጥ ነው። በኢትዮጵያ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው ከመላው አገር ስለሆነ፣ በጭሮ አንድ ክፍል ውስጥ የሂርና ልጅና የደቡብ ወይም የሰሜን ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። የአገሩ ልጅ ቋንቋውንና ቤቱን ያውቃል፤ ነገር ግን የለመደው ነገር ስለሆነ የሚያስደንቀው የለም፤ ያላስደነቀውንም አይጽፍም። የሩቁ ልጅ በሁሉ ነገር ይደነቃል፤ ነገር ግን የሚሰማውን አይረዳም። መልካም መሪ ሁለቱን በአንድ ርእስ ላይ ያጣምራቸዋል። አንዱ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላውን ያነቃዋልና ሁለቱም በየብቻቸው ከሚጽፉት የተሻለ ይጽፋሉ። በአሜሪካም ቢሆን የላቲኖ ጥናት ላቲኖ ላልሆነው ተማሪ ክፍት መሆኑ ለትምህርቱ ጥራት ጠቅሞታል፤ በ2020 የወጣ የካሊፎርኒያ ሕግም እንዲህ ያለውን ትምህርት ለክፍለ ግዛቱ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ሁሉ ግዴታ አድርጎታል።

ሁለተኛው የሴት ተማሪዎች ድርሻ ነው። የገዳ ሥልጣን የወንዶች ነበረ፤ የበርጫው ሸንጎም ባብዛኛው የወንዶች ነው። ስለዚህ ወንድ ተማሪ ብቻ ከላኩት የሚመለሰው የሕዝቡን ግማሽ ይዞ ነው። የአራስ ቤት ዘፈን፣ የቡና ማፍላት ምርቃት፣ የእናቶች ዕርቅና የገበያ ብድር የሚታወቀው በሴቶች ዘንድ ሲሆን፣ በዚያ ገብታ ልትጠይቅ የምትችለው ሴት ተማሪ ናት። ይህን ርእስ ለሴት ተማሪ መስጠት ማለት ሌላ ሰው ሊሠራው የማይችለውን ሥራ መስጠት ማለት ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ሽማግሌው በኦሮምኛ ይናገራል፤ ተማሪው ከኦሮምኛ ክፍል ውጭ ከሆነ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከአፍ ወደ ወረቀት፣ ከአንዱም ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚጠፋው ነገር ብዙ ነው። ከሁሉም በፊት የሚጠፋው የሕግ ቃል ነው፤ ለአንድ የኦሮምኛ የዳኝነት ቃል የሚመጥን የእንግሊዝኛ ቃል አይገኝምና ተማሪው በቀረበው ይተካዋል። መፍትሔው ተማሪው ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን የተቀዳውን ቃል በተናጋሪው ቋንቋ ጽፎ እንዲያስረክብ ግዴታ ማድረግ ነው። ያኔ ትርጉሙ ቢሳሳት እንኳ ቃሉ ይቀራል፤ ሌላ ሰው መጥቶ ያርመዋል።

አራተኛውና ዛሬ ከሁሉ የሚከብደው የፈተና ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው አስፈላጊ አይደለም ማለት አይቻልም፤ ያላወቀ ሰው አወቀ ተብሎ እንዳይመረቅ ይከላከላል። ነገር ግን ምርጫ በሚሰጥ ጥያቄ የሚለካው ሁሉም ተማሪ የሚጋራው እውቀት ነው፤ አንድ ተማሪ ብቻ ከአንድ ሽማግሌ የሰማውና የጻፈው ነገር በዚያ ሊለካ አይችልም። የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሚመዘነው ባሳለፈው ተማሪ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ የመስክ ሥራውን ጊዜ ለፈተና ልምምድ ማዋሉ አይቀርም። ያኔ ውጤቱ በሰንጠረዡ ላይ ያምራል፤ የኢቱ ሕግ ግን ሳይጻፍ ይቀራል። የሁለቱን ጊዜ ለይቶ አንዱ ሌላውን እንዳይበላው መጠበቅ በዚህ ዘመን የመሪነት ዋናው ፈተና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህም ከላይ የተጠቀሱት ምሳሌዎች መንገዱን ያመለክታሉ። ተማሪው በመጨረሻው ዓመት ሳይሆን ከመጀመሪያው ዕረፍት ጀምሮ ትንሽ ሥራ ይሰጠው፤ አንድ ገበያ፣ አንድ ዕርቅ፣ አንድ የጉዛ ቀን አይቶ ጥቂት ገጽ ይጻፍ። የጻፈውን በጓደኞቹ ፊት ያንብብ። የበቃው ይታተም፤ ያልበቃውም በቁጥርና በስም ተመዝግቦ ይቀመጥ። «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ የተሰበሰበው የሚጠፋው ከአቀማመጥ ጉድለት ነውና። የነገረው ሽማግሌ ወይም የነገረችው እናት ፈቅደው ከሆነ ስማቸው አብሮ ይጻፍ፤ የጽሑፉም ግልባጭ ለተነገረበት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ወይም ትምህርት ቤት ይድረስ። የሰጠው ሰው የሰጠውን ተመልሶ ካላየው ለሚቀጥለው ጠያቂ በሩን አይከፍትም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አሳብ ይህ ነው። የራስን ሕዝብ በሚያጠና ትምህርት የተማሪው ውጤት የሚወሰነው በርእሱ ክብር ወይም በተማሪው ስሜት ሳይሆን፣ የሚመራው ሰው ተማሪውን እውነተኛ ሥራ በማስያዙ፣ የተሠራውንም በማስቀመጡና በጊዜው ለሚተካው በማስረከቡ ነው። ፓሬዴስ ዘፈን ሰብስቦ ማዕከል አቆመ፤ ሆይናትስኪ የተማሪን ድርሰት አሳትመው መደርደሪያ ሰጡት፤ የሼህ በክሪ ፊደል ግን ይህን የሚያደርግለት አጥቶ ቀረ። ልዩነቱ የእውቀት ማነስና መብዛት አልነበረም።

በበዴሳ አጠገብ ከኦዳው ሥር የተነገረውን ሕግ ከአባቶቻቸው የሰሙ ሰዎች ቁጥራቸው በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ከእነርሱ አንዱ ዘንድ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ዛሬ በጭሮ ክፍል ውስጥ አለ። ጽሑፉን ተቀብሎ በመደርደሪያ ላይ ቦታ የሚያዘጋጅለት ኃላፊ ካለ፣ ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣው ተማሪ ከዚያ ገጽ ተነሥቶ ወደ ፊት ይሄዳል። ከሌለ ግን ያኛው ተማሪ ጥያቄውን ይዞ ይመጣል፤ የሚመልስለት ሰው አያገኝም።